ጆሮዬን የነካሁበት እጅ

የልደት ወረቀት የሚባል ነገር እኛ ሰፈር ማንም አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ልጅ ለአንደኛ ክፍል መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ጣቱ ፀጉሩ ላይ ከቀረ ለከርሞ ና ይባላል። ምዝገባ ሲቃረብ እናቶች ልጆቻቸውን ደጅ ላይ እያቆሙ ያለማምዱ ነበር። ክንዱ የሚለጠጥ መስሏት እየጎተተች ልጇን የምታስለቅስም አልጠፋችም። ይህን መለኪያ ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም። ሁለት ደህና እጆች የነበሩት ሰው እንደሆነ ግን እምላለሁ።

እኔን ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ትኩሳት ይዞኝ ሰነበተና፣ ትኩሳቱ ሲሄድ ቀኝ እጄም አብሮት ሄደ። ሄደ ስል ቦታው ላይ አለ። ከትከሻዬ ተንጠልጥሎ ይከተለኛል፣ ይበርደዋል፣ ይሞቀዋል፣ ቢቆነጥጡት ያመዋል። ትእዛዝ ብቻ ነው የማይሰማው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ በአንዲት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። እናቴ ከዓለም ጤና ከተማ በጆንያ የሚመጣ ሽንኩርት ተቀብላ ገበያ ላይ ትቸረችራለች። እናቴ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። አንድ ደንበኛ ሽንኩርቷን አገላብጦ ሳይገዛ ከሄደ ገበያው እስኪሰማ ትሞልጨዋለች። ይህን የምነግራችሁ ዝም ያለችበት ቀን ላይ ስንደርስ እንድታስታውሱት ነው።

ቀበሌው ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። ለችግረኛ ልጆች፣ ለዘማች ልጆች፣ ያኔ አካለ ስንኩላን ለሚባሉት ደግሞ በተለይ ነው ተባለ። እኔ በሦስቱም በኩል ስለምገባ ማን ይከለክለኛል! የነጋዴው ሳሎን ክፍላችን ሆነ። ፎቶዎቹ ተሰቅለውባቸው የነበሩ ምስማሮች ግድግዳው ላይ እንዳሉ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ፣ በእኛ ቁመት የተሠሩ ትናንሽ አግዳሚዎችም ነበሩን። ጠዋት ጠዋት ከዱቄት የተበጠበጠ ትኩስ ወተት እንጠጣለን። ወተቱን የሚልኩት ፈረንጆች ናቸው ይባላል።

አካለ ስንኩል ተብለን የተመዘገብነው አራት ነበርን። እኔ፣ ጆሮው የማይሰማ የጋሪ ነጂ ልጅ፣ እግሯ የማይታዘዝላት አንዲት ልጅና ንግግር የሚዘገይበት አንድ ልጅ። ለአራታችን ቤት በየወሩ አንድ አንድ ቆርቆሮ የወተት ዱቄት ይሰጥ ነበር። እናቴ የእኛን ቆርቆሮ የምትከፍተው ለታናሽ እህቴ ብቻ ነው። ጡቷ ቶሎ ስለደረቀ እህቴ ያደገችው በዚያ ወተት ነው።

አስተማሪያችን የሁሩታ ልጅ ነበረች። ጥቂት ወራት ሥልጠና ወስዳ የመጣች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። እናቴን በር ላይ ስታገኛት በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» ብላ እንዴት አደሩ ትላታለች፤ እናቴም «ነጋ»፣ ማለትም ደህና፣ ብላ ፊቷ ይበራል። ልብ አድርጉ፣ ያኔ እኔም በአንቱታ ነበር የምጠራት። ዛሬ ስጽፍ አንቱታውን ነሥቻታለሁ። ሌላ እሷን የምቀጣበት ነገር የለኝም።

ስላደረገችልኝ ነገር ካልተናገርኩ ግን ውሸታም እሆናለሁ። በዚያ ጊዜ በግራ እጅ መጻፍ ነውር ነበር። በግራ መብላቴ እንኳ ጎረቤቶቻችንን ስለሚያስቆጣ እናቴን ይነዘንዟት ነበር። እትዬ በመጀመሪያው ቀን እርሳሱን ግራ እጄ ውስጥ ራሷ አስገባችና፣ «ያንቺ ቀኝ ይኼ ነው። ሌላ የሚልሽን አትስሚ» አለችኝ። በአንድ እጅ ለሚጽፍ ሰው ችግሩ መጻፉ አይደለም፤ ወረቀቱ ይሸሻል። ይህንንም ያየችው እሷ ናት። አንድ ሰኞ ከአዋሽ ዳር ያመጣችውን ልሙጥ ጥቁር ድንጋይ ደብተሬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ አርፎ ተኛ።

ሹራብ መልበስም ያስተማረችኝ እሷ ነች። ግራ እጄ ቀኙን ከአንጓው ይይዘዋል፣ ያነሳዋል፣ እጅጌው ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዚያ የራሱን ተራ ይገባል። «የደከመውን ያልደከመው ይሸከመው፤ ምን ነውር አለው?» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወደድኳት። እናቴንና እሷን ጎርፍ ቢወስዳቸው የትኛዋን ታወጫለሽ ብባል ቆም ብዬ አስብ ነበር።

የግድግዳ ጎረቤታችን ልጅ እኩያዬና ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ ስለዘመተ እሷም መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ነበረች። ሁለታችን አንድ እቅድ ነበረን። አንደኛ ክፍል አብረን እንገባለን፣ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን፣ እኔ ስጽፍ እሷ ደብተሬን ትይዝልኛለች፣ ድንጋዩን እናሳርፈዋለን። እኔ ያለ አንደኛ ክፍል ሌላ ምኞት አልነበረኝም። የተማሪዎቹን ሰማያዊ ዩኒፎርም ባየሁ ቁጥር ምራቄን እውጥ ነበር።

ስድስት ዓመት ከሞላን በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባው ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ግራር አለ፤ ሥሩ ጠረጴዛ ወጥቷል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ መምህር ይመዘግባሉ። አጠገባቸው እትዬ ተቀምጣለች። ከመዋዕለ ሕፃናት የሚመጡትን ልጆች የምታውቃቸው እሷ ስለሆነች ምስክር እንድትሆን ነው የጠሯት። እሷን ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የራሴ ሰው ጠረጴዛው ላይ አለችልኝ አልኩ።

ጓደኛዬ ቀደመችኝ። እጇን አዞረች፣ ጆሮዋን ነካች፣ ተጻፈች። ተራዬ ደረሰ።

«ጆሮሽን ንኪ እስቲ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ መምህሩ።

ተለማምጄበታለሁ። ግራ እጄ ቀኙን ከአንጓው ያዘው፣ አነሳው፣ በአናቴ ላይ አሻገረው። ጣቶቼ ግራ ጆሮዬ ላይ ወረዱ፤ ከጆሮዬም አልፈው አንገቴን ነኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች «ውይ!» ሲሉ ሰማሁ። መምህሩ ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ወደ እትዬ ዞረው፣ «ይቺንስ ምን እንበላት?» አሏት።

እትዬ አላየችኝም። ዓይኗ መዝገቡ ላይ ነበር።

«ይኼ አይቆጠርም» አለች። «ደንቡ እጁ ራሱ ሲደርስ ነው። አልደረሰችም። አንድ ዓመት እኛ ጋ ትቆይ።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ!» አልኩ። የሰማኝ የለም፤ ወይም የሰማ አልመሰለም። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። አሁን ጠብ ታስነሳለች፣ አሁን ይህን ጠረጴዛ ትገለብጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ዝም አለች። ቀሚሴን ከኋላ ጎተት አድርጋ «ነይ» ብቻ አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ጭቃውን እየመረጥን ስንሄድ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለእትዬ ካላት አክብሮት ነው ብዬ አሰብኩ።

የሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። አግዳሚው ስላጠረኝ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ይደርስ ነበር። ጠዋት ጓደኛዬ ሰማያዊዋን ለብሳ በአጥሩ በኩል ስታልፍ እኔ ከአራት ዓመት ልጆች ጋር ክብ ሠርቼ አጨበጭባለሁ። ከሰዓት ስትመለስ ግን ደጃችን ላይ ተቀምጠን የተማረችውን ሁሉ ታስተምረኛለች። ፊደሉን እኔም አውቀው ነበር። ቃል መግጠም፣ ዓረፍተ ነገር፣ አራት ነጥብ የሚቀመጥበትን ቦታ ከእሷ ለቀምኩ። ያኔም በእትዬ አልጨከንኩባትም። ደንብ ነው፣ ምን ታድርግ እያልኩ በልቤ ጠበቃ ሆኜላት ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወተቱን የሚልኩት ሰዎች ሊጎበኙን መጡ። ፊታችንን በቫዝሊን አወለወሉን። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ፣ አንድ አስተርጓሚ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ነበሩ። ዘመርን፣ አጨበጨብን። ሁልጊዜ እንግዳ ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ በግራዬ ጽፌ እታያለሁ። በዚያ ቀን ግን ከመውጣቴ በፊት እትዬ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«ሀ ሁ ሂን ብቻ ጻፊ። ቀስ እያልሽ። አታሳምሪው።»

ለምን እንዳለች የገባኝ ለሴትዮዋ ስትናገር ነው። «ይቺ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። የመጣችው ዘንድሮ ነው። በእናንተ እርዳታ በጥቂት ወራት እዚህ ደረሰች» አለች በአማርኛ፤ አስተርጓሚው ተቀበላት።

አምስት! ሁለት ዓመት ሙሉ ከላዬ ላይ ገፍፋ ጣለችው። ጠመኔውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ፦ ሰባት ዓመቴ ነው። ጆሮዬን ነክቻለሁ። አራት ነጥቦቹን ሳይቀር በቦታቸው አስቀመጥኩ።

ሊቀመንበሩ ከውጪ ከሾፌሩ ጋር እያወራ ነበር። አስተርጓሚው አነበበው። ሁለቴ ሲያነብበው አይቻለሁ። ሴትዮዋ ወደ እሱ ዘንበል ብላ ጠየቀችው፤ ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችልኝ፤ ካሜራዋን አወጣችና እኔንና ጽሑፌን አንድ ላይ አነሳችን። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ያ ፎቶ ዛሬ የሆነ አገር፣ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ይኖር ይሆናል። የሚያነበው ሰው ካገኘ እሰየው። እትዬ ሰሌዳውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ዳስተር እስክትፈልግ አልጠበቀችም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። አጠገቤ ትንሹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና እንደ ትልቅ ሰው አዋየችኝ።

«ስሚኝ። እናንተ አካለ ስንኩላኑ ቁጥራችሁ ከአራት ካነሰ ወተቱ ይቆማል። ውላቸው እንደዚያ ነው፤ ለትምህርት የደረሰ ልጅም አይቆጥሩልንም። አንቺ አንደኛ ክፍል ብትገቢ የሚቆመው የአራታችሁ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ነው። እነዚህ ሁሉ ምን ይጠጡ?»

ሌላ አካለ ስንኩል ልጅ አምጥተው ይተኩኝ ነበር እንዳትሉ። ያኔ ሰው እንዲህ ያለ ልጁን ጓዳ ይደብቅ ነበር፤ እሷም ቤት ለቤት ዞራ ከአራት በላይ አላገኘችም። ይህን ሁሉ ነገረችኝ። ግቢው ውስጥ የሚሯሯጡትን ሕፃናት አየሁ፤ አፋቸው ዙሪያ ነጭ የወተት ምልክት አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ያን ሁሉ ልጅ አሸከመችኝ።

«ደግሞ» አለች ስትነሳ፣ «ያለ እናትሽ ፈቃድ ያደረግኩት እንዳይመስልሽ።»

ቤት ስደርስ እናቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ በኩባያ ወተት ትበጠብጣለች። እህቴ ቀሚሷን ይዛ «ነጩን! ነጩን!» እያለች ትዘላለች። ወተትን ነጩ ነበር የምትለው።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

ማንኪያው ቆመ። ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ማንኪያው እንደገና መዞር ጀመረ።

«አንድ ዓመት ብቻ ነው ያልኳት» አለች።

የዚያን ዕለት የተሰማኝን አላሳምረውም። ጠላኋት። ጭቃ ላይ ስንሄድ የነበረው ዝምታ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ ጆሮዬን ለመንካት ስለማመድ፣ እሷ ደጅ ላይ ተቀምጣ «ጎበዝ» ስትለኝ ከርማ፣ ነገሩ ግን በሁለቱ ሴቶች መካከል በር ላይ አልቆ ነበር። የሚነግረኝ ብቻ ነበር የጠፋው።

እትዬን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሞጆ መናኸሪያ አገኘኋት። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኛለሁ፤ እሷ ሸብታለች። ጉንጬን ሳመችኝና አብራት ላለችው ሴት፣ «መጻፍ ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ» አለቻት። እውነቷን ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እውነት መሆኑ ነው። ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሽም። አውቶቡሴ ደረሰ ብዬ ሄድኩ፤ አውቶቡሱ ግን አልደረሰም ነበር።

ወደዚያ ዓመት ልመለስ። ነሐሴ መጣ። እናቴ ስለ ምዝገባ ትንፍሽ አላለችም። አንድ ዓመቱ አልቋል፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ። የምዝገባው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ጠበቅኩና ፊቴን ታጥቤ፣ ድንጋዬን በቀሚሴ ኪስ ከትቼ ከጓደኛዬ ጋር ሄድኩ። እሷ ወደ ሁለተኛ ክፍል ሰልፍ ሄደች። እኔ ግራሩ ሥር ቆምኩ። ሽማግሌው መምህር ብቻቸውን ነበሩ። ከጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ እትዬ አልደረሰችም።

«አንቺ አምና አልመጣሽም?» አሉኝ መነጽራቸውን አድርገው።

«መጥቻለሁ።»

«እስቲ ንኪ።»

ግራ እጄ ቀኙን አነሳው፤ ጣቶቼ ጆሮዬ ላይ ወረዱ። እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ፤ እንዳይወድቅ አጥብቄ ይዤዋለሁ።

«አይቆጠርም ብለውኝ ነበር» አልኳቸው። ይህን ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም። ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ ላይ መመስከሬ ነው።

ሽማግሌው ባዶውን ወንበር አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«ተነክቷል አልተነካም?»

«ተነክቷል።»

ጻፉኝ። ነገር ግን ወላጅ ሳይፈርም ስሜ እንደማይጸና ነገሩኝ። «እናትሽ ነገ ትምጣ» አሉኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አልጮኸችም። ቆርቆሮውን ከፍታ ውስጡን አየች፣ ከደነችው። ጠዋት ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እህቴን አዝላ ከእኔ ጋር መጣች። እትዬ ያን ቀን ወንበሯ ላይ ነበረች። «አካም ቡልተን?» አለቻት። እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጓደኛዬ ሌላ ክፍል ሌላ ዴስክ ላይ ነበረች፤ ደብተሬን የያዘልኝ የእትዬ ድንጋይ ነው። ሰማያዊዋን ለብሼ በመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር በኩል ሳልፍ ወደ ውስጥ እንዳላይ አንገቴን አቀርቅር ነበር።

ኅዳር ላይ ወተቱ ቆመ። ቤታችን ውስጥ የነበረው የመጨረሻ ቆርቆሮ ከዚያ በኋላ ትንሽ ቆይቶ አለቀ። አንድ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ ስል እናቴ ለእህቴ ሻይ ውስጥ ዳቦ ነክራ አቀረበችላት። እህቴ ኩባያው ውስጥ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቴን ሳይሆን እኔን ጠየቀችኝ።

«ነጩስ?»

እናቴን አየኋት። መልሱን ትሸከምልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ሽንኩርቷን ትለቅም ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ነጩ አልቋል» አልኳት ለእህቴ፣ ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።